ዳይሬክተሩን ያጀብኩበት ቀን

አርባ ዓመት ሙሉ በሠርግ አዳራሽ አኮርዲዮን ተጫውቻለሁ። ስንቱን ሰካራም ሚዜ፣ ስንቱን ነገረኛ አማች ችያለሁ። እንደ እህቴ ልጅ ቁም ስቅሌን ያሳየኝ ግን የለም።

«ጋሼ፣ አሁን አሳዝነኝ» ትለኛለች። አኮርዲዮኔን ከፍቼ አሳዝናታለሁ።

«አይ፣ ይሄ ሰው የሞተበት ነው። እኔ የፈለግሁት የቀጠሩት ቦታ ብቻውን ቆሞ የቀረ ሰው ነው።»

«ወዲያ ሂጂልኝ! ሐዘን ሐዘን ነው፤ በኪሎ አይለካም!»

እውነቷን ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ግን ማን አፍ አውጥቶ ያምንላታል?

ልጅቷ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናት። ገና አዲስ ናት፤ የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ክፍለ ጊዜዋ ከምሳ በኋላ ስለሆነ ግማሹ ተማሪ ያንቀላፋል፣ ግማሹ በመስኮት ያያል። ቃና፣ ድባብ፣ የቃላት መረጣ ብላ ብላ ጉሮሮዋ ሲደርቅ፣ አንድ ቀን በስልኳ ሙዚቃ ከፈተችላቸው። ነቁ። ምን ያደርጋል፣ ዳይሬክተሩም በኮሪደር ሲያልፍ ሰማና በሩን ከፍቶ ገባ። «ይህ ትምህርት ቤት እንጂ ጭፈራ ቤት አይደለም» ብሎ ስልክ ይዛ ክፍል እንዳትገባ ከለከላት። ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘር ፊት ታስተምራለች፤ ካልተወደደላት ከክፍል ተነስታ መጽሐፍ ማከማቻ ትገባለች። ማከማቻውን አይቼዋለሁ። መስኮት የለውም፣ አቧራው ያስነጥሳል፣ የሚያናግሩትም ሰው የለም። ይህች ልጅ ደግሞ በአምስት ዓመቷ ትራስ ደርድራ ታስተምር የነበረች ናት። እዚያ ብትገባ በቁሟ ትሞትብኛለች።

«የከለከለኝ ስልክ ነው» አለችኝ። «አጎት አልከለከለኝም።»

እንግዲህ ምን ልበል? ሐሙስ ዕለት አኮርዲዮኔን አንግቤ ሄድኩ።

ሱፐርቫይዘሯ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መነጽር ያደረገች፣ እርሳሷን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት። ሰላም ስላት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። በልቤ «አለቀልን» አልኩ።

የእህቴ ልጅ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ ሰውየው ወደ ክፍሉ ገባ።

«ሙዚቃው እንደሚላችሁ አስተካክላችሁ ጻፉልኝ። ‹ገባ› የምትለዋን ቃል ግን አልቀበልም» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

ዝግ አድርጌ፣ ከበድ አድርጌ ተጫወትኩ። «እግሩን እየጎተተ ዘለቀ» አለ አንዱ። አፈጠንኩት። «ዘው አለ!» ድምፁን ቀንሼ በጣቴ ጫፍ ነካ ነካ አደረግሁት። «ሹልክ አለ!» አሉ ሦስት አራት ሆነው። ያ ሲያንቀላፋ የሚውል ክፍል እጁን ለማውጣት ወንበር ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ሰውየው ያው ሰውዬ ነው፤ በሩም ያው በር ነው። ምኑ ተለወጠ?»

«ቃሉ!»

«ቃሉ ሲለወጥስ?»

«የኛ ሆድ!» አለ ከጥግ አንዱ።

«እሱ ነው ድባብ። ጸሐፊው ሰውየውን ሲያየው የሚያሳየው ፊት ደግሞ ቃና ነው። በዚህ ክፍል ጮክ ተብሎ የተነበበ ነገር ሁሉ፣ ማንም ያንብበው ማን፣ ምን ፊት እንዳለው ይነገራል። ሕጋችን ነው።»

ሱፐርቫይዘሯ ጻፍ ጻፍ አደረገች። እኔም ደረቴ ተነፋ። ይኼኔ በሩ ተከፈተ።

የሥራዬን ጠባይ ልንገራችሁ። ሠርግ ላይ እንግዳ ከበር ሲገባ ባለ አኮርዲዮኑ በአረማመዱ ልክ ያጅበዋል። ለሚንቀዠቀዠው ፈጠን፣ ለአዛውንቱ ዝግ። አርባ ዓመት እንዲህ ስሠራ ስለኖርኩ ጣቴ እኔን አያስፈቅድም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

የገባው ዳይሬክተሩ ነው። ተማሪዎቹ «ማኅተም» ይሉታል፤ ማኅተሙን ከኮቱ ኪስ አያወጣም፣ ሲራመድም ወለሉን የሚያትመው ይመስላል። አጭር ነው፤ ሆዱ ይቀድመዋል። አንድ እግሩን አሳረፈ፤ አኮርዲዮኔ «ቡም» አለ። ሁለተኛውን አሳረፈ፤ «ቡም»። ቆመ፤ ቆምኩ። ወደ ጫማው አየና ለሙከራ አንዲት ትንሽ እርምጃ ተራመደ። እኔ አፈር ልብላ፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ አወጣሁለት።

«ተንጎማለለ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ጉድ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«እርስዎ ማነዎት?» አለኝ ዳይሬክተሩ፤ ጆሮው በርበሬ መስሏል።

«አጎት ነኝ» አልኩ። ይህም አሳቃቸው።

«ይውጡልኝ!»

ወጣሁ። ስወጣ የእህቴን ልጅ አየኋት። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ጠመኔዋን ጨብጣ ቆማለች። ክፉ አመል ያወጣል ከመሐል ይሉት ለካ እኔን ነው። መስኮቱ ሥር ቆሜ ራሴን ስረግም ዋልኩ ብል ይቀለኛል። ልጄን በገዛ ጣቴ ማከማቻ ቤት ልቆልፍባት ነው።

በመስኮቱ ሳይ ዳይሬክተሩ ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። ለካ የስልኳን ሙዚቃ የሰማ ዕለት ጽፎት ኖሯል። ይህ ሰውዬ ደብዳቤ ዝም ብሎ አይሰጥም አሉ፤ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ራሱ ካላነበበው የተጻፈ አይመስለውም። ለሱፐርቫይዘሯ ማንበብ ጀመረ።

«በአክብሮት እንገልጻለን። መምህርቷ የትምህርት ቤቱን ሥርዓት፣ የክፍሉን ሥርዓት፣ የሥርዓተ ትምህርቱን ሥርዓት ጥሳ፣ ሙዚቃ ከፍታ ተማሪ ስታስጨፍር ስለተያዘች፣ ለሥርዓት ሲባል ወደ መጽሐፍ ማከማቻ እንድትዛወር በትህትና እንጠይቃለን።»

 ከዚያ ከፊት ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ቃል ስለማይወጣት «ጭጭ» እንደሚሏት የእህቴ ልጅ ነግራኛለች።

«ምን ፈለግሽ?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ፊቱን ልናገር።»

«የምን ፊት?»

«የደብዳቤውን። ጮክ ተብሎ ተነበበ እኮ።»

«ተይ የኔ ልጅ፣ አሁን ይቅር» አለች የእህቴ ልጅ ደንግጣ።

«ትናገር» አለች ሱፐርቫይዘሯ። ድምፅ እንዳላት ያን ጊዜ ሰማሁ።

ልጅቷ ተነሳች።  «መጀመሪያ ላይ ‹በአክብሮት› ይላል። መሐል ላይ ‹ስለተያዘች› ይላል። የሚያዘው ሌባ ነው። መምህሬ አልሮጠችም፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ እያስተማረች ነው ያገኟት። ‹ስለተገኘች› ማለት ይቻል ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ ነው። ሲነበብ እኔን ሆድ ባሰኝ።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «ጸሐፊው ግን የተቆጣ አይመስለኝም። የፈራ ነው የሚመስለኝ። ‹ሥርዓት› የሚለውን ቃል አራት አምስት ጊዜ ጠርቶታል። እናቴም ወንድሜ ሲያመሽ ስሙን እንዲህ ትጠራዋለች።»

ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ዓይኑ ድረስ አስጠግቶ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው።

«ልጅቷ ይህን ስትናገር ሙዚቃ ነበር?» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

«አልነበረም» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ተምራለች ማለት ነው።» ወረቀቷን አጠፈች። «መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ ትቀጥላለች። እርስዎ ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንደገና ይጻፉት፤ አድራሻው ለእሷ ይሁን። ሳልሄድ ባየው ደስ ይለኛል።»

በደስታ እልል ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ትምህርቱ ስላላለቀ፣ ከክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ አኮርዲዮኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ዳይሬክተሩ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ መጣና የአግዳሚው ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጻፈ፤ ቀደደ። ጻፈ፤ ጨመደደ። ሦስተኛውን «በአክብሮት» ብሎ ጀምሮ ሰረዘው። ሳያየኝ ያየሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱም ያየኛል።

«ስሙኝማ» አለ፤ አንገቱን አቀርቅሯል። «ይቅርታ የሚመስል ነገር... መጫወት ይችላሉ?»

አፌ ላይ አሥር የሚሆን ነገር መጣልኝ፤ አንዱ ከአንዱ የከፋ። ዋጥኳቸውና አኮርዲዮኑን ከፈትኩ። ጣቴ ሄደ፣ ቆመ። ሌላ ጋ ሄደ፣ ቆመ። ደስታውን አውቀዋለሁ፣ ሐዘኑንም፣ የእንግዳውንም አረማመድ። ይሄኛውን ግን ሠርግ ላይ ያዘዘኝ የለም፤ ቤቴም ለማንም ተጫውቼው አላውቅም። በሩን አየሁት። ከበሩ ወዲያ የእህቴ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ለእሷም ገና አንዲት የይቅርታ ቃል አልተነፈስኩም።

«አልችለውም» አልኩት። «ግን ለእኔም ያስፈልገኛል። ጠጋ ይበሉ፣ አብረን እንፈልገው።»

ጠጋ አለ።