የባለከረባቱ አደራ

በሬን ለሚያንኳኳ ሁሉ እከፍታለሁ። ልጆቼ ይህን እንደ በሽታ ነው የሚያዩት። ሻጭ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት የለችም በይ ብለው ስንት ጊዜ መክረውኛል። እኔ ደግሞ በሁለት እግሬ በሩ ላይ ቆሜ የለሁም ማለት አይሆንልኝም። ጠዋት የጸለይኩበትን አፍ ረፋድ ላይ ለውሸት ላውለው?

እርግጥ ከፍቼ ያተረፍኩት ነገር የለም። ክዳናቸው ከራሳቸው ጋር የማይገጥም ድስቶች አሉኝ። ከላይ የሞላሁትን ከታች የሚያንጠባጥብ የውሃ ማጣሪያም አለኝ። ማጣሪያውን የሸጠችልኝ ሴት እግሯ አብጦ ነበር። ወንበር ሰጥቼ አስቀምጫት፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ አልገዛም ልበላት።

ማጣሪያው ወጥ ቤቱን ያጥለቀለቀ ቀን ትልቁ ልጄ ፈረደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሲጣላ መሀል ገብቶ ስለሚፈርድ ዳኛው ነው የምንለው። እህቱ ባለችበት፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ ከእንግዲህ በዚህ በር አንድ የተገዛ ዕቃ ከገባ ቤቱ ይዘጋል፣ አንቺም እኛ ጋ ትገቢያለሽ አለኝ። ደክሞኝ ነበር፣ መወልወያውም በእጄ ነበር፣ እሺ አልኩ። እኛ ቤት ደግሞ እሺ ከተባለ ተባለ ነው። አባታቸው ነፍሱን ይማረውና እሺ ብሎ የቀረበት ቀን የለም፤ ሁላችንንም ያስለመደን እሱ ነው።

የልጄ ሚስት መልካም ሰው ናት፣ በሐሜት አላነሳትም። ግን እዚያ ቤት ማንኪያ እንኳ ጠይቄ ነው የማነሳው። እዚህ መብራት ቢጠፋ ጨው የቱ ጋ እንዳለ እጄ ያውቃል። ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ላይ ሳንጨዋወት የዋልንበት ቀን የለም። ባለቤቴም ያረፈው እዚሁ ነው። ሰው በዚህ ዕድሜው እንደ ጎመን ተነቅሎ ሌላ መደብ ላይ ይተከላል?

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ለሻጭ ሁሉ ከፍቼ እውነቱን እናገር ጀመር። ለልጄ ቃል ገብቻለሁ፣ አልገዛም እላለሁ። አብዛኞቹ ስቀው ይሄዳሉ።

ባለከረባቱ ግን አልሄደም። ጸጉሩ ጎንና ጎኑ የሸበተ፣ በዚያ ፀሐይ ከረባት ያሰረ ትልቅ ሰው ነው። ምንጣፍ ላይ አቧራ የሚስብ ማሽን እየጎተተ መጣ። እንደ ሌሎቹ ነገርኩት። እማማ፣ ማን ግዙ አለዎት፣ እስከ አርብ እርስዎ ጋ ይቀመጥ፣ አርብ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ እዚሁ ሰፈር ነኝ አለኝ። እየተጠቀሙበት ይቆዩ ያለም ይመስለኛል። እሱን የጨዋ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ቤቱ ቤትህ ነው ያሉት ሰው አልጋውን ተሸክሞ አይሄድም።

ዕቃ የከበደው ሰው አስቀምጪልኝ ሲል እምቢ አይባልም። አደራ ነው። ማሽኑን ቁም ሳጥኑ አጠገብ አቆምኩት፣ የልጅ ልጆቼ መጥተው እንዳይነካኩትም ነጭ አንሶላ አለበስኩት። በማግስቱ አንሶላውን ገልጬ አቧራውን በጨርቅ ጠረግኩለት። አቧራ ጠራጊውን አቧራ እየጠረግኩለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው፣ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐሙስ ማታ ሴቷ ልጄ መጣች። "እማዬ፣ ይሄ ነጭ ለብሶ ጥግ የቆመው ማነው?" አለች። ነገርኳት። እየሳቀች ነበር፣ ሳቋን አቆመችና ተቀመጠች። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋን ያገኘው ነገር ነው አሉ። ሻጮቹ ዕቃውን ያስቀምጡታል፣ በቀጠሮው ቀን አይመጡም፣ ቅዳሜ ካለፈ እንደ ገዛሽ ይቆጠራል። ይሄ ሰው አርብ የሚመጣ ከሆነ እኔ ምንም አላውቅም አለች።

ወሬው ዳኛው ጋ ሳይደርስ አላደረም። ስልክ ሲደውል ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክፍሉን እናሰናዳለን እማዬ፣ እሑድ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ አለ፣ በቃ። አልገዛሁም፣ አደራ ነው አልኩት። እነሱ አደራ አያውቁም አለኝ።

አርብ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ከመስኮቱ ሳልነሳ ዋልኩ። ሰውየው አልመጣም። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ስልክ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ነው የሚያሰሙኝ። ጆሮዬ እስኪግል ሙዚቃ ሰማሁ፣ የሚያነጋግረኝ ሰው ግን አልተገኘም።

ቅዳሜ ጸሎቴን አድርሼ፣ ዝቅ ያለ ጫማዬን አጥልቄ፣ ማሽኑን ከነአንሶላው ይዤ ወጣሁ። ጎማ አለው፣ ግን እንደ እምቢተኛ ፍየል ነው፤ ወደ ፊት ስጎትተው ወደ ጎን ይሄዳል። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አይታኝ ሥራ ጀመርሽ እንዴ አለችኝ። ባለቤቱን ፍለጋ ነው አልኳት።

ሰፈሩ ውስጥ ነኝ ብሏልና ከኋላችን ካለው መንገድ ጀምሬ በር እያንኳኳሁ ልጠይቅ አሰብኩ። ከመጀመሪያው ቤት የሚንተከተክ ድስት ይሰማኛል። የበሩ ቀዳዳ ላይ ዓይን መጣ፣ ማሽኔን አየ፣ የቤቱ ባለቤት የለችም የሚል የሴት ድምፅ ተከተለ። ሁለተኛው ቤት ሳንኳኳ ራዲዮው ዝም አለ። ሰውየው በሩ ጀርባ ቆሞ ሲተነፍስ እሰማዋለሁ፣ እሱም እኔን ይሰማኛል፣ እንደዚያ ተፋጠን ቆየን። ሦስተኛዋ በሩን በእጅ ስፋት ከፍታ አፌን ሳልከፍት፣ አለን፣ ሁለት አለን ብላ ዘጋችው። አልሸጥም ልላት ነበር። ግን የሚሸጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እሱን አይደል?

ደረጃ ላይ አረፍኩ። እግሬ አብጧል። እንዲህ ያለ ሰው ስንቱን በር ነው የሚያንኳኳው ብዬ ያቺን የማጣሪያዋን ሴት አሰብኩ። ማጣሪያዋን ግን ይቅር አላልኩትም።

ቀጥሎ በፒጃማ ያለ ሽማግሌ ከፈተልኝ፤ መግቢያው ላይ ልክ የኔን የመሰለ ማሽን ቆሟል። ለካ እሱም ጋ አስቀምጦ ጠፍቶበት ነው። ባለከረባቱን ስጠይቀው ከአፍታ በፊት በመስኮት አይቶት ኖሮ፣ መንገዱ ጫፍ ወዳለው ፎቅ ገብቷል አለኝ።

ፎቁ ሥር አገኘሁት። መግቢያው ላይ ተቀምጦ ደረቅ ዳቦ ይበላል። ከረባቱን ፍርፋሪ እንዳይነካው ትከሻው ላይ ወደ ኋላ ጥሎታል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

"ልጄ፣ አደራህን ተረከበኝ" አልኩት።

"አልወደዱትም፣ እማማ?"

"የሰው ዕቃ ምን ብዬ ልውደድ።"

"ትንሽም አልሞከሩት?"

"አንተ በሌለህበት ባንተ ዕቃ ቤቴን ልጥረግ?"

አንሶላውን ገለጠው። ገመዱ ከፋብሪካ እንደመጣ በላስቲክ እንደታሰረ ነው። ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ሲያየው ቆየ። አርብ ለምን ቀረህ አልኩት። ሳልለቀው ስቆም፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሳ፣ አርብ አትሂዱ ነው የሚሉን አለኝ። ሰው አንዴ ከጠረገበት መመለስ ያሳፍረዋል፣ ሥራችን በዚያ ነው የሚሄደው፣ መልሶ ያመጣልኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት አለ።

"እኔን አደራ በላ ልታደርገኝ ነበር እንዴ?" አልኩት።

ያችን አልጠበቃትም። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ሆነ። እናቱ ያሉ ይመስለኛል፤ አልጠየቅኩትም።

መረከብህን ለልጄ ደውለህ በራስህ አፍ ንገረው አልኩት። ደወለ። ከድርጅቱ ነው የምደውለው ከማለቱ ዳኛው አንፈልግም ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። አሁን ሁለታችንም ሳቅን። በሁለተኛው ጥሪ ስልኩን ራሴ ያዝኩ፣ ልጄን አትዝጋ አልኩት፣ ከዚያ ለባለከረባቱ ሰጠሁት። ተረክቤያለሁ፣ ያልተነካ ነው፣ ምንም አይጠየቁም አለው። የሽማግሌውንም ዛሬውኑ ትወስድለታለህ አልኩት። እሺ አለ። የሱ እሺ እንደኛ ቤት ይሁን አይሁን ስላላወቅኩ ሽማግሌው ደጃፍ ድረስ አብሬው ሄድኩ።

እሑድ ዳኛው መጣ። መኪናውን አምጥቶ ነበር፣ ግን ስለ ዕቃ መጫን አላነሳም። ክፍሉን ሚስቱ ቀለም አስቀብታ እንደነበር ነገረኝ። እግዜር ይስጣት፣ ሲደክመኝ መጥቼ አድርበታለሁ አልኩት። ከዚያ ሰሃን ላጥብ ወጥ ቤት ገባሁ።

በሩ ተንኳኳ። ከፍቶ ሲያነጋግር ሰማሁት።

"የቤቱ ባለቤት የለችም" አለ፣ እንደ ልማዱ።

"አለች" አልኩ ከወጥ ቤት።

እጄን እያደረቅኩ ወጣሁ። ብሩሽ የምትሸጥ ሴት ናት፣ ትከሻዋ ላይ ያለው ቦርሳ ወደ አንድ ጎን አጋድሏታል። ዛሬ አልገዛም እህቴ፣ ውሃ ግን ልስጥሽ አልኳት። ዳኛው መሀላችን ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ከማጣሪያው ቀድቼ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ መርቃኝ ሄደች። በሩን ዘጋሁ። ቤቱ ውስጥ የገባ ነገር የለም።

ዳኛው ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባና ማጣሪያው ሥር የተቀመጠውን ሳፋ አየ። ጠብታውን ትንሽ አዳመጠ። እጅጌውን ሰበሰበ።

"ፒንሳ አለሽ?" አለኝ።

"በር ላይ የገዛሁት አለ" አልኩት።