የቤድፎርዷ ፉጨት

አሰላ ውስጥ ስለ እኔ ሁለት ነገር ይወራል፤ ሁለቱም እውነት ነው። አንደኛው፣ ሽኩር ቁጡ ነው። ሁለተኛው፣ ሽኩር ሌባ አይደለም። ቁጣውን ከአባቴ ወረስኩት። ሌባ አለመሆኔን ግን ያስመሰከርኩት በመዶሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው ሁሉ ሜካኒኩን ይጠረጥራል። «አሮጌውን ዕቃ ወልውሎ መልሶ ገጠመልኝ» ይላል፤ «ደህናውን አውልቆ ለሌላ ሸጠብኝ» ይላል። አይፈረድበትም፤ የሚያደርጉት አሉ። ስለዚህ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ጋራዤን ስከፍት አንድ ደንብ አወጣሁ። የቀየርኩትን ማንኛውንም አሮጌ ዕቃ፣ በሩ ላይ ካለችው ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ባለቤቱ እያየ እሰብረዋለሁ። ሰውየው ስብርባሪውን አይቶ ልቡ አርፎ ይሄዳል። ከአቦምሳና ከጎበሳ ድረስ ሰው እየነዳ የሚመጣልኝ በዚያች መዶሻ ምክንያት ነው። አሁን መዶሻዋን ሳያት ፊቴን አዞራለሁ።

ባለፈው ሰኔ ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ ቤድፎርዳቸውን እያስነጠሰች ይዘዋት መጡ። ጋሼ ወልዴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚያች አሮጌ የቤንዚን የጭነት መኪና ከጢቾና ከጎበሳ ገብስ ሲያወርዱ ነው የኖሩት። ጭነት ካቆሙ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አስነስተው ይወጡና፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ባዶዋን ወደ ጭላሎ በሚወስደው ዳገት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከተማው «ጋሼ ወልዴ ነፋስ ጭነው መጡ» እያለ ይስቅባቸው ነበር። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም።

«ሽኩር፣ ዳገቱን እምቢ አለችኝ» አሉኝ። «እሱን ብቻ አስተካክልልኝ። ሌላ ነገሯን እንዳትነካብኝ።»

ሥራዬን የሚያስተምረኝ ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። «ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ሲሄዱም ለሐኪሙ እንዲህ ነው የሚሉት? ሆዴን እይ፣ ጉበቴን እንዳትነካ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁ ነበር። ያን ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን እያዩ ለሰው ተናግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ። ባለቤታቸው እትዬ አሰፋች ሰው መለየት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸውን አያውቁም፤ ቤቱን አያውቁም፤ ጋሼ ወልዴንም እንደ እንግዳ ነው የሚያዩት። በቀን አንዴ ብቻ፣ መኪናዋ ዳገቱን ወጥታ በሩ ጋ ስትደርስ፣ እትዬ አሰፋች ራሳቸው ተነስተው በሩን ይከፍታሉ። ከዚያ «ወልዴ፣ መጣህ?» ይላሉ። እጃቸውን ይዘዋቸው ይገባሉ። ግማሽ ሰዓትም ይሁን ሩብ ሰዓት፣ ባልና ሚስት ሆነው ይቀመጣሉ። ከዚያ ይጠፋባቸዋል።

«ሰው መለየት ካቆመች ወዲህ ያለችኝ ያቺ ሩብ ሰዓት ናት» አሉኝ። «ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ መኪናዋ አልወጣም ብላኝ አሰፋችም አላወቀችኝም። የተሰነጠቀውን በየድልኝና ልሂድበት።»

ሆዴ ባባ። ሲባባብኝ ደግሞ የባሰ እቆጣለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው። የሞተሩን ኮፈን ከፍቼ ገባሁበት።

በሽታው የማኒፎልዱ ነበር። ማኒፎልድ ከካርቡሬተሩ የወጣውን ቤንዚንና አየር ለስድስቱ ሲሊንደሮች የሚያከፋፍል የብረት ቱቦ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ባልተፈቀደለት ቀዳዳ አየር ይጠባል፤ ቤንዚኑ ይሳሳል፤ ጉልበት ያጣል። በጣሳ የሳሙና ውሃ አፈሰስኩበትና አየሁት። ሁለት ስንጥቅ ነበረው። አንዱ አዲስ ነው፤ ከኋላ በኩል ጥፍር የሚያስገባ ያህል ተከፍቷል። ሌላው ብሎኑ ከሚገባበት ጆሮ ሥር ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ አሮጌ ስንጥቅ ነው።

«እሱን ተወው» አሉ ጋሼ ወልዴ። «እሱ በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የጢቾ መንገድ ላይ ብሎኑን ከልክ በላይ አጥብቄው ነው የሰነጠቅኩት። እስከ ዛሬ አልጎዳኝም።»

«ጥፍጥፍ ሥራ ከእኔ ጋራዥ አይወጣም!» አልኳቸው። «ይህንን ብበይደው ነገ ያኛው ይከፈታል። ያኔ መንገድ ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ እትዬም በሩ ላይ ይቀራሉ። እርስዎ ዝም ብለው ለሁለት ቀን ይታገሡኝ።» እትዬን ስጠራባቸው ቁልፉን አስረከቡኝ። እዚያ ላይ ነው ያሸነፍኳቸው።

አቦምሳ ላለው ለሐቢብ ደወልኩ። ሐቢብ የሞቱ መኪናዎችን የሚያፈርስ ጓደኛዬ ነው። ከአንድ እህቷ ከሆነች ቤድፎርድ ላይ ጤነኛ ማኒፎልድ አውልቆ በማግስቱ በአውቶቡስ ላከልኝ። ወላሂ፣ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። የዛጉትን ብሎኖች ሌሊቱን ሙሉ ናፍጣ አጠጥቼ ጠዋት አንድ በአንድ ፈታሁ። የማኒፎልዱን ፊት በመስኮት መስታወት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አስተካከልኩ። በብረቱና በብረቱ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በእጄ ቆረጥኩ። ከመሃል ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያልኩ፣ ሳልቸኩል አጠበቅኩ።

ስትነሳ እንደ ልብስ ስፌት ማሽን ነበረች። እግሬን ከቤንዚኑ ሳነሳ ጸጥ ትላለች። «አልሀምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ አሮጌውን ማኒፎልድ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ። ጋሼ ወልዴ አጠገቤ ቆመዋል። መዶሻውን ሳነሳ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አንድ ነገር ሊሉ መሰለኝ። «ምነው?» አልኳቸው። «አይ፣ ምንም» አሉና እጃቸውን አወረዱ። ኋላ ስጠይቃቸው ለምን እንዳነሱት እሳቸውም አያውቁትም። ብረቱ አሮጌ ስለሆነ እንደ ሸክላ ነው የተበታተነው።

ሥራዬን በዓይኔ ልይ ብዬ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። ካፊያ ነበር፤ ዳገቱ ጭቃ ነው። ቤድፎርዷ በሁለተኛ ማርሽ፣ ትንፋሿ ሳይቆራረጥ ወጣችው። ጋሼ ወልዴ እንደ ልጅ ሳቁ። «ሽኩር፣ አንተ እኮ አስማተኛ ነህ!» አሉኝ። እኔም ደረቴ ተነፋ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሰው እግራቸውን ከቤንዚኑ አነሱና ወደ በሩ ታጠፉ።

በሩ ዝግ ነው።

ሞተሩን ሳያጠፉ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። ማንም አልወጣም። ጋሼ ወልዴ ሁለት ጊዜ ቤንዚኑን ረገጡና እግራቸውን አነሱ። ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። በመጨረሻ የከፈተችልን ሴና ናት፤ ሴና ቀን ቀን ከእትዬ አሰፋች ጋር የምትውል ጎረቤታቸው ናት።

እትዬ አሰፋች በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ወልዴ ቀርበው «አሰፉ» አሉ።

«ደህና ዋሉ?» አሉ እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ። «ማንን ፈልገው ነው? ባለቤቴ አልገባም።»

ወደ ሴና ዞርኩና «መኪናዋን አልሰሙም እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት፤ ምን አጠፋች?

«ኦቦ ሽኩር፣ ፉጨቷ የለማ» አለችኝ። «የመኪናዋ ድምፅ ምናቸውም አይደለም፤ በዚህ ዳገት ስንት መኪና ይወጣል። እዚያ ጫፍ ላይ ስትደርስ ታፏጭ የለ? እሷን ሲሰሙ ነው ብድግ የሚሉት። ሌላውን አያውቁትም።»

ጋሼ ወልዴ ይህንን አያውቁም ነበር። ከየት ያውቃሉ? ያኔ እሳቸው መሪው ላይ ናቸው፤ የሚያዩት የተከፈተውን በር ብቻ ነው። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ሞተር አየር አጥብቆ የሚጠባው እግር ከቤንዚኑ ሲነሳ ነው፤ ያቺ የፀጉር ስንጥቅ የምታፏጨውም ያኔ ብቻ ነው። ከሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ጀምሮ እትዬ አሰፋች ባላቸው በሰላም መግባቱን የሚሰሙት በእሷ ነበር። ጋሼ ወልዴ «ተወው» ብለውኝ ነበር። እኔ ጥፍጥፍ ሥራ አልወድም አልኩ።

ሮጬ ጋራዥ ተመለስኩ። ስብርባሪውን ከጭቃው ለቀምኩ፤ ትልልቁ አሥራ አንድ ነው፤ የቀረው ዱቄት ነው። የሰፈሩ ብረት በያጅ አይቶ «ይህንን ለጅብ ስጠው» አለኝ። ልመታው ነበር። ከዚያ አዲሱን ማኒፎልድ ራሴ መብሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁት፤ እንደ እባብ ፍሽሽ አለ። ደፈንኩና በመጋዝ ጫርኩት፤ አለቀሰ እንጂ አላፏጨም። እንደገና ደፈንኩ፣ እንደገና ከፈትኩ። ሰው ጤነኛ ብረት ሲያበላሽ አይቶ «ሽኩር አበደ» አለ። ጋሼ ወልዴ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዘዋት ይወጣሉ፤ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ የእትዬ አሰፋችን ፊት አያለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ፉጨት መጣ። ቀጭን ነው፤ ግን ፉጨት ነው። እትዬ አሰፋች ቀና አሉ። ተነሱ። ሁለት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ አዳመጡና «የእኛ አይደለም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ጋሼ ወልዴ በበሩ ስንጥቅ አይተዋል። ከመኪናዋ ወርደው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «በቃ ሽኩር» አሉኝ። «ተነስታ ስትቀመጥ ደግሜ ማየት አልችልም።»

«ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ።»

«በቃ አልኩህ። አንተ ለእኔ ብለህ ነው፤ አልቀየምህም።» ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ቤድፎርዷ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። እኔ አሮጌ ዕቃ መስበር ትቻለሁ፤ ጋራዤ በስንጥቅ ብረት ሞልቷል። ስለ እኔ የሚወራው ሁለተኛው ነገር ቀስ በቀስ እየተለወጠ እንደሆነ እሰማለሁ። ይለወጥ።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ባለፈው አርብ ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፉጨቷ ከቀረች ወዲህ እትዬ አሰፋች በዚህ ሰዓት በሩን ከፍተው ይጠብቃሉ፤ ደፉ ላይ ቆመው ዳገቱን ቁልቁል ያያሉ። ጋሼ ወልዴ ባርኔጣቸውን ይዘው ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ነኝ፣ ወልዴ ነኝ» ይሏቸው ነበር አሉ፤ እትዬ አሰፋች ደንግጠው ሲያለቅሱ ጊዜ ተዉት።

«ባለቤቴ ዛሬ ዘገየብኝ» አሉ እትዬ አሰፋች፣ ለእሳቸው።

«መንገዱ ጭቃ ነው። ይመጣል» አሉ ጋሼ ወልዴ።

እትዬ አሰፋች ዞር ብለው አዩአቸው። «እርስዎም ሰው እየጠበቁ ነው?»

«አዎ።»

«ማንን?»

ጋሼ ወልዴ «ሚስቴን» አሉ።

«አይዞዎት፣ ትመጣለች» አሉ እትዬ አሰፋች፤ ከደፉ ፈቀቅ ብለውም አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላቸው።