ስድስት እርምጃ ከኋላ

እናቱ ያወጣችለትን ስም መዝገብ ቤት ካልሆነ ማንም አያውቀውም። በባቡሩ ግቢ ውስጥ ጆሮ ነው የሚባለው፤ ታናናሾቹ ሲያከብሩት ጋሼ ጆሮ ይሉታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሥራው አንድ ነበር፤ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ረጅም መዶሻ ይዞ በፉርጎዎቹ ጎን መሄድና የሚሽከረከረውን እያንዳንዱን የብረት እግር መምታት። ደህናው እግር ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ሥራው ይኸው ነው። ቀላል መስሎት የሚስቅ ካለ እስቲ ይሞክረውና መንገደኛውን ሁሉ ገደል ይክተተው!

ይህ ሰው ዛሬ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ወደ ባቡር ሠራተኞች ክሊኒክ የመጣው ሟችን ሊያዋርድ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። የክሊኒኩ አሮጌ ዶክተር ካረፈ አንድ ወር ሆኖታል። የሥራ ባልደረቦቹ የሕመምተኞች መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ መታሰቢያ አዘጋጁና፣ ከአንድ ፎቶ ላይ ጆሮ ከዶክተሩ ጎን ቆሞ ሲስቅ ቢያዩት፣ «ወዳጃቸው ስለነበሩ ሁለት ቃል ይበሉልን» ብለው ደብዳቤ ላኩበት። ወዳጅ! ጆሮ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበና የሚናገረውን ጽፎ ኪሱ ከተተ። «ይህ ሰው አታሎኛል» ብሎ ይጀምራል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? የጆሮ ግን ጸሎትም የለበት፤ ቂሙን ብቻ ነው ይዞ የመጣው።

ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ከኋላ ቢቀመጥ አይሰማማ። በግራ ጆሮው የሰካው የመስሚያ ማሽን ሲፈልግ ይናገራል፣ ሲፈልግ ያፏጫል። አንድ ጡረታ የወጣ ነጂ ተነሥቶ፣ ዶክተሩ ነጂዎቹን ሲያክም ከሕመማቸው ይልቅ ዳገቱን እንዴት እንደወጡት ይጠይቃቸው እንደነበር አወራ። «ሆዴን እያመመኝ ስለ ፍሬን ያስወራኛል! ወሬው ሲያልቅ ሕመሙም አልቋል» አለ፤ ሰው ሳቀ። አንዲት እናት ደግሞ ልጇን ስትወልድ ዶክተሩ «አይዞሽ፣ ዳገቱ አልቋል፣ ጣቢያው እየታየኝ ነው» ይላት እንደነበር ተናገረች። ሳያገባ ነው የኖረው። ሚስትህ ማናት ሲሉት «የስድስት ሰዓቷ ፈጣን ባቡር፤ እሷ እንደሆነች አትጠብቀኝም» ይል ነበር። ጆሮ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ሲስቁ እሱም ሊስቅ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስበት ነከሰው።

ያውቀዋላ! በየቅዳሜው ማለዳ ዶክተሩ ጫማውን ጭቃ እያስበላ ግቢው ድረስ ይመጣ ነበር። ከአንድ ወረቀት ላይ ዳቦ ይበላሉ። ዶክተሩ መዶሻውን ይለምነውና እንደ ሕፃን ልጅ እየተደሰተ ብረቱን ይመታል። «እኔና አንተ አንድ ነን፤ እኔም ደረት እያንኳኳሁ ነው የምኖረው» ይለዋል። ጆሮ ሚስቱ ከሞተች፣ ልጆቹም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ቅዳሜን እየቆጠረ ነበር የሚኖረው።

ጠቡ የመጣው በዓመታዊው የጆሮ ምርመራ ነው። ሠራተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ዶክተሩ ስድስት እርምጃ ከኋላው ሆኖ ያንሾካሽካል፤ ሠራተኛው የሰማውን ይደግማል። ለሌላው ሰው ቁጥር ነው የሚጠራለት። ለጆሮ ግን፣ ባቡር ያሳበደው ዶክተር አይደል፣ የመስመሩን ጣቢያዎች ነበር የሚጠራለት፤ ሁልጊዜም በተራ፦ ታንከሩ፣ ድልድዩ፣ ሁለት ዛፍ፣ ዋሻው እያለ እስከ መጨረሻው።

ሠላሳ ሦስተኛው ዓመት ላይ ጆሮ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና ምንም አልሰማም። ቢጠብቅ ምንም የለም። ደነገጠ፤ ከዚያ ጣቢያዎቹን በቃሉ በተራ ወረዳቸው። ዶክተሩ ትንሽ ቆይቶ «አልፈሃል» አለና ፈረመ። ጆሮ ለራሱ «ጉንፋን ነው» አለው። ግቢው በሙሉ «ሰውየው ደነቆረ» እያለ ሲያማ እሱ ዘንድ አልደረሰም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ በቅዳሜ ፈንታ በየማለዳው ይመጣ ጀመር። ክሊኒኩን ከመክፈቱ በፊት ከጆሮ ኋላ ኋላ ይሄዳል። «ያቺን ድገምልኝ እስቲ፣ ድምጿ ደስ አለኝ» ይላል አንዳንዴ። ጆሮም እየሳቀ ይደግምለታል፣ ጎንበስ ብሎም በእጁ ይዳብሳታል፤ ይገርማል፣ ስንጥቅ ያገኝባታል። በዚያ ዓመት አምስት የተሰነጠቀ እግር አገኘ፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠው። «እያረጀሁ ባልሁ ጊዜ ጎበዝሁ» እያለ ለዶክተሩ ይፎክርበት ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ምርመራው ደረሰ። ጆሮ ጣቢያዎቹን እንደ ልማዱ ወረዳቸው። ዞር ሲል ዶክተሩ መሬት መሬት ያያል። ወረቀቱ ላይ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈበት።

«ሁሉንም ጠራሁ እኮ!»

«እኔ ጣቢያ አልጠራሁም» አለ ዶክተሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ታዲያ ምን አልክ?»

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋለት። ጆሮ በሩን በርግዶ ወጣ፤ መዶሻውንም በሳምንቱ አስረከበ። ወጥመድ ነው ያጠመደልኝ፣ አለ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ አለ። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ መጥቶ አንኳኳ፤ ጆሮ በመስኮት አየውና አልከፈተለትም። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ እሱም ዋጠው። ብቻውን በላ፣ ብቻውን ታመመ፣ ድምፁ የማይሰማውን ቴሌቪዥን ብቻውን አፍጥጦ አየ።

«ጋሼ፣ ከእናቲቱ ቀጥሎ እርስዎ ነዎት» የሚል ድምፅ ከጎኑ መጣ። ሲስተር ናት፣ የክሊኒኩ ነርስ፤ በመጨረሻው ምርመራ ቀን ከሁለቱ ሌላ ክፍሉ ውስጥ የነበረች ብቸኛ ሰው።

ጆሮ ተራው መድረሱን ሲያውቅ ከወንበሩ ተነሣ። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ንገሪኝ፤ ከዚያ እናገራለሁ» አላት። «ያን ቀን ምን ብሎ ነው ያንሾካሾከው?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ክንዱን ይዛ ወደ ምርመራው ክፍል አስገባችውና በሩን ዘጋች።

«አደራ አለብኝ» አለችው።

«ምን?»

«አደራ አለብኝ!» ብላ ጮኸች።

ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። አነበበችው። «ይህንን ሊያነቡ? በሰው ፊት? እንግዲያው አደራ በላ ልባል!»

ከዚያ ወደ ግራ ጆሮው ተጠግታ፣ ስድስት እርምጃ ርቆ በሹክሹክታ የተነገረውን በጩኸት ነገረችው። «‹ወዳጄ፣ ዓመቱን ሙሉ የሰማሁልህ እኔ ነኝ። አሁን የኔም ጆሮ ደከመ፤ ለሁለታችን መስማት አልቻልኩም› ነው ያሉት! ‹ከሰማኸኝ ዞር በል› አሉ፤ ሦስት ጊዜ! እርስዎ ድልድዩ፣ ዋሻው ይላሉ!»

ጆሮ የምርመራው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በየማለዳው የመጣው ለዚያ ነው። ያቺን ድገምልኝ ያለው ለዚያ ነው። አምስቱን እግር ያገኘው እሱ አልነበረም።

«ለምን ፊት ለፊት አልነገረኝም?»

«ለምኛቸው ነበር! ‹የተሰነጠቀ እግር ሲያሳልፍ እንደከረመ ካወቀ ይሞትብኛል፤ ዶክተሩ ከዳኝ እያለ ይኑር› አሉኝ። ልክ አልነበሩም፤ ማለዳ ማለዳ የሠሩትም ልክ አልነበረም፤ አንዷ ብታመልጣቸውስ ኖሮ? እሳቸውም ያውቁታል፤ እንቅልፍ አልነበራቸውም!» ትንፋሿን ሰበሰበች። «መጨረሻ ላይ ጨርሶ አይሰሙም ነበር። የባቡሩ ሰዓት ሲደርስ መዳፋቸውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉና ንዝረቱን ይጠብቃሉ። ብቻቸውን። ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ ሁልጊዜ ‹ጆሮ ደህና ነው?› ይሉኛል። ራሴን ነቅንቄ ደህና ነው እላለሁ። ምን ልበል ጋሼ?»

ጆሮ አለቀሰ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ያምርበታል የሚል ካለ ውሸቱን ነው፤ አፍንጫውን በእጁ ጠረገ፣ ማሽኑም አፏጨ።

ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ሰው ሁሉ በሩን በሩን ያያል። ሲስተር ያን ያህል ጮኻ በር ምን ይይዛል? ሁሉም ሰምቷል። ጆሮ ግን እንደሰሙ አላወቀም። ከፊታቸው ቆመና እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ከቤቴ እስከ ቤቱ ሁለት መንገድ ነው» አለ። «ዘጠኝ ዓመት አልሄድኩም።»

ሲስተር ወንበሩን አስጠጋችለት፤ እሱ ግን በወንበሩ አጠገብ አልፎ፣ በሕመምተኞቹ በር ወጥቶ ሄደ። ሁለቱን መንገድ አቋረጠ። የዶክተሩ በር ላይ ሰንሰለት ታስሮበታል፤ የመስኮቱ መጋረጃም ወርዷል። ቆመና አንኳኳ። ትንሽ ጠብቆ ደግሞ አንኳኳ።

የጎረቤት ሴት ከመስኮቷ ብቅ ብላ «አባባ፣ ሰው የለም እኮ! ዶክተሩ ሞተዋል!» አለችው። ስላልሰማት ደግማ፣ እጇን እያወዛወዘች ጮኸችበት።

«አውቃለሁ» አላትና እንደገና አንኳኳ።