ዛጎል የተነጠፈበት የሠርግ ሜዳ

አለቃዬ ዶን ኤራስሞ ለወፍ ያለውን ፍቅር ሩቡን ለሰው ቢሰጥ ኖሮ ይሄኔ ከንቲባችን ነበር። እኛ የካሌታ ሶምብራ መንደር ዓሣ አጥማጆችና ዘመዶቻቸው ግን ከእሱ የምናገኘው ቁጣ ብቻ ነው። ገመዱን አትለፉ፣ ውሻችሁን እሰሩ፣ ጂፕ አታስገቡ።

ገመዱ የከለለው ምንድን ነው ካላችሁ የእንጨት ወፍ ነው። ጋቪዮቲን የምንላት ትንሽዬ የባሕር ወፍ ከዳርቻችን ከጠፋች ስድስት ዓመቷ ነው። ዶን ኤራስሞ ዘመድ ያየች መስሏት ትመለሳለች ብሎ ሠላሳ የእንጨት ወፍ ቀለም ቀብቶ አሸዋው ላይ ደረደረ። ጩኸቷንም በድምፅ ማጉያ ከጧት እስከ ማታ ይለቅብናል። እስካሁን የመጣችለት አንዲት ድመት ብቻ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ከዋና ከተማ ደብዳቤ ደረሰው፤ በዳርቻው ላይ እስከ ገና አንድ እንቁላል እንኳ ካልተገኘ ይኸው የወፍ ጥብቅ ቦታችን ተዘግቶ ለጂፕ እሽቅድምድም ይሰጣል። እኔ ሚርታ፣ ብቸኛዋ ጠባቂ፣ የስድስት ዓመት ቅዳሜና እሑዴን የገበርኩት ለድመት ነው ማለት ነው።

በዚህ መሀል ሴት ልጁ ያስና ልታገባ ሆነ። ዶን ኤራስሞም ከዓሣ መጋዘኑ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ሊደግስላት ወሰነ። ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ብሎ ድንጋዩን አስለቀመ፣ አሸዋውን አስደለደለ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ የተከመረውን ዛጎል አስደቅቆ አነጠፈበት። ጋቪዮቲን እንቁላሏን የምትጥለው ገላጣ መሬት ላይ፣ የደቀቀ ዛጎል መሀል መሆኑን በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው እኮ። ጉድ ነው መቼም፤ ለወፎቹ እንጨት፣ ለልጁ ዛጎል።

ሐሙስ ጧት ሄጄ ሳይ ሙሽራዋ በምትሄድበት መንገድ ላይ ዘጠኝ የጋቪዮቲን እንቁላል ተጥሏል። ጥብቅ ቦታችን ተረፈ ብዬ አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ዶን ኤራስሞም መጥቶ አለቀሰ። ከዚያ ሠርጉ ከነገ ወዲያ መሆኑ ትዝ አለው።

"ሚርታ፣ የኔ እመቤት" አለኝ፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። "በሳፋ አድርገን ወደ እንጨቶቹ ብናዛውራቸውስ?"

"እናቶቹስ ዶን ኤራስሞ፣ እነሱንም በሳፋ ነው?"

"ማንም አላየ እኮ።"

"እኔ አየሁ።"

ያስና ለካ ከኋላችን ቆማ ሁሉን ሰምታለች።

"አባዬ፣ ተዋቸው። እኔ መጋዘኑ ውስጥ እደግሳለሁ።"

አንጀቴን በላችው። አባቷ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ ግን ንግግሯን ገና አልጨረሰችም ነበር።

"እዚህስ ቆሞ ማን ይጠብቃቸዋል? እንግዶቹ የሚመጡት በጂፕ ነው። ገመድ ለመወጠር ችካል ልምታ ካልክ ደግሞ ወፎቹ ይነሡና እንቁላሉ በፀሐይ ይቀቀላል።"

ዶን ኤራስሞ ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።

"ወደሷ አትመልከት" አለችው። "ሚርታ ሚዜዬ ናት። ትምህርት የጨረስኩ ቀን የት ነበርክ? የታጨሁ ቀንስ? ድምፅ ማጉያ ስትጠግን ነበር። ሁለቱንም ቀን አጠገቤ የቆመው አጎቴ ነው። ቅዳሜም እጄን ይዞ የሚያስገባኝ እሱ ይሆናል።"

ይበለው አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ዛጎሉ ዳር ብቻውን ቆመ። ከቤተ ክርስቲያን ወደ መጋዘኑ ስናልፍ አየነው። ወፎቹ እየተወረወሩ ኩሳቸውን ይለቁበታል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ዓሣ አጥማጆቹ ከጭነት መኪናው ላይ ሆነው ተሳለቁበት።

"ዶን ኤራስሞ፣ ውሻዎን አስረዋል?"

እኔም ሳቅኩ፣ ምን ይደረግ።

ያስና አብረን የተሳፈርንበትን መኪና አስቆመች። በመስኮቱ ብዙ አየችው። እሱ በመሐረብ ፊቱን ይጠርጋል።

"እያለቀሰ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አይ፣ ወፎቹ ለቀውበት ነው" አልኳት።

መልቀቅስ ለቀውበታል። ግን ኩሱ ያለው ኮቱ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ የኩስ ጠብታም አልነበረበትም።