ይርጋ ቤት ሁሉም አሥር ከአሥር ነው

መምህር ይርጋ ደሴ ላይ ሂሳብ ሲያስተምሩ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ለማንም ተማሪ ከአሥር ስምንት በላይ ሰጥተው አያውቁም። ይህን ያልሰማ የደሴ ሰው ካለ ወይ ሌላ ቦታ ነው የተማረው፣ ወይ ሊረሳው ብዙ ደክሟል። "አሥር የሚሰጥ አስተማሪ ስህተት መፈለግ የሰለቸው ሰነፍ ነው" ይሉ ነበር። የገዛ ልጃቸው አትጠገብ እንኳ እሳቸው ክፍል ገብታ በተማረች ዓመት ያገኘችው ሰባት ነው። ያቺን ሰባት ይዛ ቤት በገባች ቀን እናቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ባሏን አኩርፋ ዋለች፤ እሳቸው ግን ራታቸውን በልተው ተኙ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው የልጃቸውን ቢራ ቀምሰው ማርክ ሊሰጡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበር ስበው የተቀመጡት።

አትጠገብ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትሠራ ቆይታ፣ አምና "የራሴን እጠምቃለሁ" ብላ ወጣች። አባቷ ያን ቀን ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ጠላ ልትጠምቂ ነው?" ከዚያ ወዲህ ስለ ጤናዋ ይጠይቋታል፤ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት፣ ስለ ቤት ኪራይዋም ይጠይቋታል። ስለ ቢራው ግን ትንፍሽ አይሉም። ዝምታቸው ከስድብ በላይ አንገበገባት።

የምትጠምቀው አይፒኤ የሚባለውን ነው። ድሮ እንግሊዞች ህንድ ለነበሩ ሰዎቻቸው በመርከብ ቢራ ሲልኩ፣ መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ሆፕስ የሚሉትን የፈረንጅ ጌሾ በዛ አድርገው ይጨምሩበት ነበር ይባላል፤ ስሙም ምሬቱም ከዚያ ቀረ። አንዴ ሲጎነጩት ያንገሸግሻል፣ ሲደግሙት የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ ሲሠልሱት ሰውዬው ወሬ ይጀምራል። አትጠገብ ይህን ቢራ ትወደዋለች። የምትወደውን ነገር ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ እንዲወድላት የምትፈልግ ዓይነት ሴት ናት፤ ችግሯም እሱ ነው።

የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት የሚያይ ምግብ ቤት ደሴ ላይ የከፈተው አግማስ "አንድ ዓይነት ብቻ ይዘሽ ሰኞ ነይ፤ ከጣመኝ ከበርሜል እየቀዳሁ እሸጣለሁ፣ ካልጣመኝ ተዋወቅን" ብሏታል። የድሮ አለቃዋም "ቦታሽን ከሰኞ በላይ ማቆየት አልችልም" ብላታለች። እንግዲህ ሰኞ አግማስ ፊቱን ካጨማደደ ማክሰኞ ጋዋኗን ትለብሳለች ማለት ነው። እሷ ደግሞ የጠመቀችው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆፕሱን ያለ ስስት ያፈሰሰችበት ነው። ሁለተኛው ብቅሉ የሚበዛና ጣፈጥ የሚል ነው። ሦስተኛው ላይ ለሙከራ ያህል፣ ከአባቷ ጓሮ ካለው፣ እናቷ ከተከለችው የጌሾ ዛፍ ቅጠል ቀጥፋ ጨምራበታለች። የትኛውን ይዛ ትሂድ? ቀምሳ ቀምሳ ምላሷ ደንዝዟል።

ለዚህ ነው አባቷ ቤት ሰው የጠራችው። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልላ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጻፈችባቸው። ለእንግዶቿ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አደለች። የውስጡን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

የተጠሩት ጥቂት ናቸው። እትዬ ትርፌ መጡ፤ ጠላቸው እስከ ቦሩ ሜዳ የሚወራላቸው ሴት ናቸው። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ወንድምአገኘሁ መጣ፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ያወቀውንም አያቆይም። ሰኞ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የግድግዳ ጎረቤት ሀጂ ሱሩርም መጡ። ሀጂ ሱሩር በሕይወታቸው መጠጥ በአፋቸው አልዞረም፤ የመጡት ለጉርብትናው ነው። አትጠገብ ለእሳቸው ብርዝ አዘጋጅታ ነበርና እሱን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ።

"በሉ እንግዲህ" አለች አትጠገብ። "እንዳታፍሩኝ። መጥፎ ከሆነ መጥፎ በሉኝ። ከአሥር ማርክ ስጡ።"

"መጀመሪያ ቅመሽልን እንጂ" አሉ እትዬ ትርፌ። "የቀዳ ሳይቀምስ የት አገር ነው የሚጠጣው?"

ቀመሰችላቸው። ቀዳችላቸው። እነሱም ተጎነጩ፣ ወደ ጣሪያው አዩ፣ ጺም ያለው ጺሙን ዳሰሰ። ዳቦ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባ ብላ ስትመለስ ወረቀቶቹ ታጥፈው ጠበቋት። ከፈተቻቸው። እትዬ ትርፌ፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር። ወንድምአገኘሁ፣ አሥር፣ አሥር፣ አሥር፤ ከሦስተኛው ጎን ደግሞ የመደመር ምልክት። ሀጂ ሱሩር ሳይቀሩ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ሦስት አሥሮች ደርድረዋል።

"ሀጂ፣ እርስዎ እኮ አልቀመሱም!"

"እኔ ማርክ የሰጠሁት ላንቺ ነው ልጄ። ቢራው የራሱ ጉዳይ ነው" አሉ ብርዛቸውን እያማሰሉ።

የመጨረሻውን ወረቀት ከፈተች። የአባቷ ነው። አሥር። አሥር። አሥር።

ሰዉ ይስቃል፣ እሷ ግን ልቧ ተሰበረ። አሥር! ያ ሁሉ ጎበዝ ተማሪ አልቅሶ ያላገኘው አሥር! አባቷ ከልባቸው ቢቀምሱት ኖሮ አራትም ይሁን አምስት ይሰጡ ነበር። አሥር መስጠታቸው ነገሩን ከቁም ነገር አለመቁጠራቸው ነው ብላ አሰበች። ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ዳቦ እየቆረሱ ነው።

ወረቀቶቹን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ሌላ ዘዴ አሰበች። አፍ ቢዋሽ ጉሮሮ አይዋሽም፤ የትኛው ቶሎ ያልቃል የሚለውን ልይ አለች። አየችም። አንድ ቁጥር እንደ ጉድ ተጠጣ። "ከዚያችው ድገሚኝ" ይላል ወንድምአገኘሁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እትዬ ትርፌ ጠጥተው ሳይጨርሱ ያስሞላሉ። አባቷ እንኳ ዝም ብለው ብርጭቋቸውን ይገፉላታል። ሁለት ቁጥር ግማሹ ተረፈ። ሦስት ቁጥርን የደገመ ሰው ግን አላየችም። ለነገሩ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛውን ስታነሳ የሦስት ቁጥር ሙሉ ጠርሙሶች አልታይ ብለዋት ነበር፤ ኮምቦልቻ ረስቻቸው ይሆናል ብላ ተወችው። ደስታ ላይ ያለ ሰው ጠርሙስ አይቆጥርም።

እንግዶቹ መርቀዋት ሲወጡ ወንድምአገኘሁ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። እትዬ ትርፌም ሲስሟት ራቅ ብለው ነው። አትጠገብ አንድ ቁጥርን መርጣ፣ ልቧ ሞልቶ አባቷ ቤት አደረች።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ በርሜሉን ልትሞላ ስትወጣ ሀጂ ሱሩር በራቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

"አሰላሙ አለይኩም ሀጂ፣ እንዴት አደሩ?"

"ወአለይኩም ሰላም፤ አልሐምዱሊላህ። እህ፣ የትኛው አለፈ?"

"አንድ ቁጥር! መጀመሪያ ያለቀው እሱ ነው፤ ተሻሙበት እኮ።"

ሀጂ ሱሩር መጀመሪያ በደንብ አዩዋት። ከዚያ ሳቁ፤ የበሩን መቃን እስኪይዙ ድረስ ሳቁ።

"ወላሂ ልጄ፣ ትናንት ከዚያ ቤት ያልጠጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ። አንቺ ዳቦ ልታመጪ ስትገቢ ትርፌ ያን አንድ ቁጥርሽን ቀምሳ ዓይኗ ፈጠጠ። 'ይቺን ልጅ እንዳናሳፍራት፣ ይሄን ቶሎ እንጨርስላት' አለች። አባትሽም 'እንጨርስላት' አሉ። ያ ምስኪን ፀጉር አስተካካይ ሲያለቅስ ሲያለቅስ ጠጣልሽ።"

 እንዴት አላሰበችውም? ድግስ ቤት አንዱ ጋን ከተበላሸ ቀድሞ የሚጨርሰው ዘመድ ነው፤ ወደ እንግዳ ደርሶ ደጋሹ እንዳያፍር። እሷ ራሷ በአክስቷ ልጅ ሠርግ የኮመጠጠ ጠላ በሳቅ በጨዋታ ተጎንጭታለች። አሁን ተራው የእሷ ሆኖ፣ ዘመድ ሊቀብረው የተረባረበበትን ቢራ በርሜል ሞልታ ለአግማስ ልትወስድለት ነበር።

"ሦስት ቁጥርስ?" አለች። "እሱንስ ማንም አልደገመው።"

"እሷማ የት ገባች ብለሽ አልጠየቅሽም?" ሀጂ ሱሩር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሰው የወደደውን እዚያው ይጠጣዋል እንዴ? አንዱ በጃኬቱ ይዞ ወጣ፣ አንዷ በነጠላዋ። ሌላውን አልናገርም፤ የጎረቤት ነገር ነው። ብቻ አባትሽ የልብስ ሳጥን አላቸው አይደል? አብሽሪ ልጄ፤ አላህ ያግራልሽ።"

ተመልሳ ስትገባ መምህር ይርጋ መኝታ ክፍላቸው ነበሩ። ሳጥኑ ክፍት ነው። ከጋቢያቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብቅ ብሏል፤ ሦስት የሚል ተጽፎበታል። አባትና ልጅ ተያዩ። መምህሩ ኩረጃ ላይ እንደተያዘ ተማሪ ቀሉ።

"ምነው አባባ" አለች አትጠገብ። "ለምን አሥር ሰጡኝ? ለምን እውነቱን አይነግሩኝም? እኔ እኮ ከማንም በላይ የእርስዎን ነበር የምጠብቀው።"

"እንግዳ በተቀመጠበት፣ ገዛ ቤቴ፣ ልጄን ሦስት ሰጥቼ ላዋርዳት?" አሉ መምህሩ ተቆጥተው። "ያ ማርክ አይደለም፤ መስተንግዶ ነው። ማርክ ከፈለግሽ ተቀመጪ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መነጽራቸውን አደረጉ።

"አንደኛው ሦስት ነው። እሱንም ለድካምሽ ነው። ምሬቱ ልክ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ነው ያደረው። ሁለተኛው ስድስት። ስኳር የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ግን ይጠጣል።" ከዚያ ጠርሙሱን ከጋቢው ሥር አወጡና በሁለት እጃቸው ያዙት። "ይሄ... ይሄ የእናትሽ ጌሾ ነው።"

"በምን አወቁ?"

"ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁትን እንዴት ላላውቀው? ከሞተች ወዲህ ያን ዛፍ ዞሬ አላየሁትም ነበር። ትናንት ስቀምሰው..." ጉሮሯቸውን ጠራርገው የአስተማሪ ድምፃቸውን መለሱ። "ስምንት ተኩል።"

"ስንት?"

"ሰምተሻል። አረፋው ቶሎ ይጠፋል፤ ለእሱ ቀንሻለሁ። እና ደግሞ ጠላ ልትጠምቂ ነው ወይ ያልኩሽን መልሻለሁ። ተሳስቼ ነበር።"

አትጠገብ አለቀሰች። ያለቀሰችውም እየሳቀች ነው፤ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ጠርሙሱ ከመካከላቸው ሊሰበር ምንም አልቀረውም። እሳቸውም "ኧረ ቀስ፣ ጠርሙሱን! ሌላ የለኝም!" እያሉ ይጮሁ ነበር። ከዚያ የበለጠ ምስጋና በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። እዚያው ሆና ለድሮ አለቃዋ ደወለችና ጋዋኑን ለሌላ ሰው ስጡት አለቻት። አግማስ ገና አልቀመሰም፤ ግን ግድ አልሰጣትም።

ሰኞ አግማስ ሦስት ቁጥርን ከብርጭቆ ቀመሰ። አንዴ ደገመ። ነጋዴ ነውና ፊቱ ላይ ምንም አላሳየም።

"እህ፣ መጥፎ አይደለም" አለ። "ሌላ ሰው ቀምሶታል?"

"አባቴ። ከአሥር ማርክ ሰጥተውታል።"

"አባትሽ ማን ናቸው?"

"መምህር ይርጋ።"

አግማስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሳያስበው እንደ ድሮው ተማሪ ብድግ አለ። "የሂሳቡ ይርጋ? ስንት ሰጡት?"

"ስምንት ተኩል።"

"አይሆንም!" አለ አግማስ። "እኔን አራት የሰጡኝ ሰውዬ? ዶክተር የሆነውን ፊርደውስን ስምንት ሰጥተው 'ተጠንቀቅ፣ እንዳትኮራ' ያሉት ሰውዬ? ስምንት ተኩል?" ብርጭቆውን አንስቶ እስከ አተላው ጨለጠው። "ነገ ጠዋት በርሜሉን አምጪ።"

በዚያው ሳምንት ከበርሜሉ በላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለና በጠመኔ "የመምህር ይርጋ ማርክ፦ ስምንት ተኩል" ብሎ ጻፈበት። ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገውም። የድሮ ተማሪ ሁሉ ከመርሳም ከኮምቦልቻም "ምን ቢሆን ነው እኛን የበለጠን?" እያለ መጣ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ አምስት ነበረች የተሰጠችው፤ ቀምሶ "ተገቢ ነው" አለና ደገመ። ሌላው ሰባት የነበረው ተሟገተ፣ ይግባኝ እላለሁ አለ፣ በመጨረሻ እሱም ደገመ።

አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየና ወደምትቀዳለት ሴት ዘወር አለ።

"አንቺንስ አስተምረውሻል? ስንት ሰጡሽ?"

"ሰባት" አለች አትጠገብ፣ ለራሷም አንድ ቀዳች።