የዘኪያ ኬክ በግራም

ዘኪያ ጋምቤላ ገበያ አጠገብ ባለችው ኬክ ቤቷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጋግር ሚዛን ነክታ አታውቅም። ዱቄቱንም ስኳሩንም ዘይቱንም የምትሰፍረው በአንድ የቆርቆሮ ኩባያ ነበር። ራቅ ባለችው ኢታንግ ከተማ ሰርግ የደገሰ ሰው ሳይቀር ኬኩን እሷ ዘንድ ያዝዝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን እንቁላል እየመታች ሳለ ድንገት ወደቀች። ደም ግፊት ነው አሏት። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

ልጇ ሰአዳ ጅማ የነበራትን ሥራ ትታ መጣች። ይዛው የመጣችው ትንሽ ሚዛን ነበር። የእናቷን አሰፋፈር ወደ ግራም ለውጣ፣ ከእንግዲህ ማንም ሰው ኬኩን መሥራት እንዲችል ማድረግ ፈልጋለች። ዘኪያ "ማንም ሰው" የሚለው ቃል ቅር ቢያሰኛትም ኩባያዋን አውጥታ ሰጠቻት።

ሰአዳ በመጀመሪያ ኩባያውን ውኃ ሞልታ መዘነችው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ሆነ። ለዱቄቱም ለስኳሩም ያንኑ ልክ ይዛ ጋገረች። የወጣው ኬክ እንደ ጡብ የደረቀ ነበር። ዘኪያ ቁራሹን አላመጠችና፣

"ዱቄት የውኃን ያህል አይከብድም፣ ልጄ" አለች። "እያንዳንዱ የራሱ ክብደት አለው።"

"እንግዲያው አንቺ ስፈሪልኝ፣ እኔ ልመዝን።"

ዘኪያ ደስ አላት። ከታመመች ወዲህ ሥራ የሰጣት ሰው አልነበረም። ስኳሩንና ዘይቱን በግራ እጇ እየሞላች አቀበለች፤ ያለ ችግር ተመዘኑ። ዱቄቱ ግን ሁለት እጅ የሚፈልግ ነው፤ እሷ በግራዋ ብቻ ትዝቀው ጀመር። ኩባያው ከሳፋው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ዱቄቱ ውስጡ ታጨቀ። አንዴ መቶ ስድሳ፣ አንዴ መቶ አርባ፣ አንዴ ደግሞ ገና ሚዛኑ ላይ ሳይደርስ ተደፋ። ሰአዳ ላለማስከፋት አማካዩን እንወስዳለን አለቻት። ዘኪያ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

"ኛሩአች ትስፈር።"

ኛሩአች ኬክ ቤቱ ውስጥ ከዘኪያ ጋር ለዓመታት የሠራች ሴት ናት። ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"እትዬ፣ እርስዎ እያሉ እኔ?"

"እኔ የለሁም። ያ እጅ የለም። ስፈሪ።"

ኛሩአች ዱቄቱን በወንፊት ነፋች፤ በማንኪያ ቀስ እያለች ኩባያው ላይ አፈሰሰች፣ ሳትጫነው በቢላ ጀርባ አስተካከለችው። መቶ ሃያ አምስት ሆነ። ደገመችው፤ ያው ሆነ። ልክ ዘኪያ እንዳስተማረቻት ነበር። ዘኪያ ሰአዳን "እሱን ልክ ያዢ" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሰአዳ ለኢድ የታዘዘውን ኬክ ሁሉ በዚያ ልክ ጋገረች። የመጀመሪያው ከምድጃ ሲወጣ ለእናቷ ቆርሳ ሰጠቻት። ዘኪያ የሆነ ነገር ይጎድለዋል ብላ በልቧ ተስፋ አድርጋ ነበር። ምንም አልጎደለውም። ልስላሴውም፣ ጣዕሙም፣ አፍ ውስጥ ሲገባ መሟሟቱም የራሷ ነው፤ እጇ ግን አልነካውም። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

"ተበላሽቷል እንዴ፣ እማ?"

"አይ። ጥሩ ነው።"

ትንሽ ቆይታ ወደ ቤት እንድትወስዳት ጠየቀቻት። ሰአዳ ሽርጧን አውልቃ ደገፈቻት፤ በዚያ በሚያቀልጥ ሙቀት ቀስ እያሉ ሄዱ። ዘኪያ ከዚያ ወዲህ ኬክ ቤቱ ስትመጣ ደጁ ላይ ከደንበኞቹ ጋር ትቀመጣለች እንጂ ኬኩ ወደሚጋገርበት ጓዳ አትገባም። ሰአዳ ብትለምናትም፣ ኛሩአች ብትለምናትም አልገባችም።