ጅጅጋ ላይ የተገዛች ጀልባ

ወልደሩፋኤል ጀልባ ገዛ ሲባል መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ እንጂ፣ ምን ያድርግ? ባሕር ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዋና የማይችል፣ ዝናብ ሲያካፋ እንኳ ከሱቁ በረንዳ ንቅንቅ የማይል ሰው፣ ካራማራ ሥር ተቀምጦ ጀልባ ምን ሊያደርግለት ነው? አጠገቡ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ነጋዴዎች "ካፒቴን" የሚል ስም አወጡለት። ጠዋት ጠዋት "ካፒቴን፣ ማዕበሉ እንዴት አደረ?" ይሉታል። እሱም ተቀያሚ አይደለም፤ "ደህና አደረ" ይልና የጋበዙትን ሻይ ይጠጣል።

ታዲያ ከሳቁት መሃል ዞር ሲል ከንፈሩን ያልመጠጠ አልነበረም። አንድ ለእናቱ የሆነው ልጁ ኤልያብ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ለማንም ሳይናገር በደወሌ አድርጎ ጅቡቲ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወደ የመን በምትሻገር ጀልባ ተሳፈረ። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭና ስለነበር መሃል ባሕር ላይ ተገለበጠች። አብሮት የነበረ ዐያንሌ የሚባል የኤረር ልጅ ዋኝቶ ተረፈና ደውሎ መርዶውን ነገራቸው። ሬሳ አልተገኘም።

እናቱ ለተሥላሴ ግን መርዶውን አልቀበልም አለች። "ጨለማ ነበር አላለም እንዴ? በጨለማ ማን ማንን አየ?" አለች። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለለቅሶ ሲመጡ በር ላይ ቆማ "ሰው ሳይሞት ለቅሶ የለም፤ በሉ በየቤታችሁ ግቡ" ብላ መለሰቻቸው። ድንኳን አልተተከለም። ከል አልለበሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ አልቅሶ የወጣለት ሰው የለም።

ወልደሩፋኤል ቢቸግረው ብቻውን ቄሱ ዘንድ ሄደ። ቢያንስ ፍትሐት ይደረግለት ብሎ ነው። ቄሱም የልጁን የክርስትና ስም ጠየቁት። አያውቀውም። ልጁ ክርስትና ሲነሳ እሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ያን ቀን ጋላፊ በረሃ ላይ የፈነዳ ጎማ ሲቀይር ነው የዋለው። ከዚያ በኋላም ዛሬ ነገ ሲል ሳይጠይቅ ቀረ። የክርስትና አባቱ ሞቷል፤ ስሙን የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ "በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይፈታም" ብላ አፏን ዘጋች። አባት የልጁን የክርስትና ስም አለማወቁ ነውር ነው፤ ወልደሩፋኤልም ነውር መሆኑን አልካደም። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

የጀልባዋን ወሬ ያመጣው ዲሪዬ ነው። ዲሪዬ ማለት በዚያ በክፉው ሐምሌ፣ በሁለት ሺህ ዐሥር፣ ሱቆች ሲነዱ እነ ወልደሩፋኤልን ሦስቱንም ቤቱ የደበቀ ጎረቤታቸው ነው። ሚስቱ ቢሻሮ ጓዳ ውስጥ አስቀምጣ ስታበላቸው፣ እሱ በር ላይ ቆሞ "እዚህ ያለነው እኔና ልጆቼ ብቻ ነን፣ ወላሂ" ብሎ ማለ። አላህን የሚፈራ ሰው ለነሱ ሲል በሐሰት ማለ። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ ጎረቤት አይባልም፤ ወንድም ነው።

ዲሪዬ ባለፉት ዓመታት ከአማቹ ጋር ጅቡቲ እየተመላለሰ በዓሣ ንግድ ሠርቷል። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ፣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እርጅና ተጫጭኖት ጀልባውን ሊሸጥ መሆኑን እንደ ዋዛ አነሳ። ወልደሩፋኤል ብርጭቆውን አስቀመጠ። ስንት ናት አላለም። ሞተሯ እንዴት ነው አላለም፣ ያውም ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር የኖረ ሰው።

"ስሟን መቀየር ይቻላል?" ነው ያለው።

ጀልባዋ ሙና ትባላለች። ሽማግሌው በልጁ ስም የሰየማት ናት፤ ጎኗ ላይ በትልልቁ ተጽፏል። ዲሪዬ ያን ጥያቄ እንደ ቀልድ አልፎት ነበር፤ ወልደሩፋኤል ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ሐሳቡን ያወጣው፤ ሙና ተፍቆ ኤልያብ ይጻፍ። ዲሪዬ ይህን ሲሰማ የሚጠጣው ሻይ ትን አለው።

"ዋርያ ወልዴ፣ ይሄ አይሆንም" አለው። "ግመል ስትገዛ ስሟን ትቀይራለህ? በማታውቀው ስም ብትጠራት ዞር ብላም አታይህ። ወተቷንም ትይዝብሃለች። ጀልባም እንደዚያ ናት። ሙና ተብላ ውኃ ነክታለች፤ ባሕሩ ሙና ብሎ ነው የሚያውቃት።"

"ባሕሩ ማንበብ ይችላል?"

"ቀልድ አይደለም። እዚያ አንድ ሰውዬ የጀልባውን ስም ፍቆ የአዲሷን ሚስቱን ስም አጻፈ። ሳምንት አልሞላውም፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት፣ መሃል ባሕር ላይ ሞተሩ ቀጥ። በጥም ሊያልቁ ሲሉ ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሚስቱን ፈታ።"

ወልደሩፋኤል ሳያስበው ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ መልሶ ጠቆረ። "እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በገድ አላምንም" አለ።

"አይሱዙዋን የገዛህ ዕለት በግ አርዶ ጎማዋን ደም ያስረገጠው ማነው? የኔ አያት?"

ወልደሩፋኤል ብርጭቆውን አንስቶ ሻዩን ጠጣ። ዲሪዬ ግን ያልተናገረው ሌላ ነገር ነበረው፤ ከአፉ ላይ ደርሶ የዋጠው። ስሟ የተፋቀች ጀልባ ላይ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ባሕር የበላውን ልጅ ስም የተሸከመች ጀልባ ላይ ማን ይወጣል? ጀልባዋን ይዘው የሚወጡት ዓሣ አጥማጆች ከሰሙ እግራቸውንም አያነሱ። ይህንን ለአባት እንዴት ብሎ ይንገረው? ስለዚህ ነገሩን ገፋው። "ስሟን ለሚጽፈው ቀለም ቀቢ እስካሁን ምንም አላልኩትም" አለ። "ነገ ወደ ጅቡቲ እሻገራለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃ ላወጣ ደወሌ እመጣለሁ። እዚያ ተገናኝተን ቁርጡን ንገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይባልም።"

ወልደሩፋኤል ለሚስቱ የነገራት በነጋታው ነው። ሽሮውን እያማሰለች ነበር። የጀልባዋን ነገር ቀድሞም ሰምታለች፤ የእብደት ሥራ ነው ብላ ዝም ብላዋለች። ስሙን ስትሰማ ግን ማማሰያው እጇ ላይ ቆመ።

"የልጄን ስም ባሕር ላይ?" አለች።

"ሌላ የት ላጽፈው? መቃብር የለው" አለ።

እንዲህ ይላል ብሎ አላሰበም ነበር። መቃብር የሚለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። ጩኸቷን ጠበቀ። እሷ ግን ድስቱን አወረደች፣ እጇን ታጠበች፣ "ደወሌ እኔም እሄዳለሁ" አለች።

በሐረር አድርገው ድሬዳዋ አደሩ፤ በማግሥቱ በሚኒባስ ደወሌ ገቡ።  ለተሥላሴ ደወሌን አይታ አታውቅም። ወልደሩፋኤል ግን ያን ጊዜ፣ ልጁ የጠፋ ሰሞን፣ ፎቶውን ይዞ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞሯል። አንዲት ሩዝ የምትሸጥ ሴት "በልቶ ሄዷል፤ ሳቂታ ነው" ብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ሀገር ላይ ያየው ሰው አልተገኘም። ለሚስቱ ይህን ነግሯት አያውቅም፤ አሁን የሴትዮዋ ሩዝ ቤት በር ላይ ሲደርሱ ነገራት። ቆማ በሩን አየችው። ከዚያ ገብታ ልጁ ተቀምጦበት ሊሆን ይችላል ብላ ባሰበችው ጥግ ተቀመጠች።

የደወሌ ሙቀት ምሕረት የለውም። ውጭ ከባድ መኪኖች ጉምሩክ ለመፈተሽ ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ በየመኪናቸው ጥላ ሥር ተጋድመዋል። ዲሪዬ ላቡን እየጠረገ ገባ። ለተሥላሴን ሲያያት ደነገጠ፤ መምጣቷን አልሰማም።

"እህቴ ለተ፣ በዚህ ፀሐይ?"

"ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለችው። "ባሕሩ ያኮርፋል የምትሉትን ተወው። እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ስሟ ምን ያደርጋል? ማን ይጠራታል? ይህን ንገረኝ።"

ዲሪዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ጀልባ የምትኖረው በስሟ ነው" አለ። "ሲመሽ ወደቡ ላይ ማን ገባ፣ ማን ቀረ ይባላል። ባለቤቱን አይጠሩም፣ እሷን ነው የሚጠሩት። ሙና ገባች፣ ሙና ዘገየች፣ ሙና ዛሬ ቀንቷታል። አማቼ ይደውልልኛል። እኔም ለወልዴ እደውላለሁ። ከገዛ ጀምሮ አንድ ቀን አላስቀረሁበትም። ከሰዓት ጀምሮ ነው ስልኩን ይዞ የሚጠብቀኝ።"

ለተሥላሴ ወደ ባሏ ዞረች። ወልደሩፋኤል መሬት መሬቱን ያያል። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች፤ አሁን ገባት።

"ለዚህ ነው?" አለችው።

"ለዚህ ነው" አለ።  "ማታ ማታ ስልኬ ይጠራና ኤልያብ ገባ ይለኛል። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ጀልባ መሆኗን አውቃለሁ፤ አላበድኩም ለተ። ግን ኤልያብ ገባ ይለኛል። እሱን ሰምቼ እተኛለሁ።"

 ባለቤቲቱ ያዘዙትን ሩዝ አምጥታ ብታስቀምጥም እጁን የዘረጋ የለም። ለተሥላሴ ባሏ አሳዘናት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ይልቅ እሱ አሳዘናት። ይህ ሰው በየቀኑ ሱቅ ሲከፍትና ሲዘጋ፣ ካፒቴን ሲሉት ሲስቅ፣ በውስጡ ይህን ተሸክሞ ነው የኖረው። ለማልቀስ እንኳ አልፈቀደችለትም።

"ዲሪዬ" አለች ቀስ ብላ። "አንድ ቀን ያልገባች እንደሆነስ?"

ዲሪዬ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

"ባሕር ነው። አይደለም?"

"ባሕር ነው" አለ።

"ያን ቀን ደውለህ ምን ትለዋለህ?"

ዲሪዬ ወደ ወልደሩፋኤል ዞረ።

"ኤልያብ አልተመለሰም ትለዋለህ። ኤልያብ ሰጠመ ትለዋለህ። ምን አማራጭ አለህ፣ ስሟ እሱ ነዋ።" እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። "እኔ ይህን አንዴ ሰምቻለሁ። ያ ልጅ ደውሎ ነግሮኛል። እያለቀሰ ነው የነገረኝ፤ አይዋሽም። ልጄ ሰጥሟል። ሁለተኛ አልሰማም። እሱም ሁለተኛ አይሰማም።"

የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። ሩዝ የምትሸጠው ሴት እንኳ ከምድጃው ዞራ አየቻት። ወልደሩፋኤል የሚስቱን እጅ ያዘ፤ ሰው ፊት እጇን ይዞ አያውቅም።  ቀና ሳይል፣ "ስሟን አትንኩት" አለ። "ሙና እንደተባለች ትኑር። የሽማግሌው ልጅ ረጅም ዕድሜ ይስጣት።"

"አሚን" አለ ዲሪዬ። ለቀለም ቀቢው ያኔውኑ ሊደውልለት ስልኩን አወጣና፣ ቀድሞም ምንም እንዳላለው ትዝ ብሎት፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ደስ ብሎት ነበር፤ በመደሰቱም አፈረ። የባሕር ሰዎች እስከ ዛሬ ወልዴ ገዱን ፈርቶ ተወው ይላሉ፤ ይበሉ። ሩዙን ቀዝቅዞም ቢሆን ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉት።

ጅጅጋ ሲደርሱ ለተሥላሴ ወደ ቤት አልሄደችም። የመንገድ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ቤተ ክርስቲያን ታጠፈች፤ ወልደሩፋኤል ሻንጣውን ይዞ ተከተላት። ቄሱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። መስቀላቸውን አሳለሟትና ምን ፈልጋ እንደመጣች ሳትነግራቸው አወቁ።

"ስመ ክርስትናው ማን ነበር፣ ልጄ?"

"ፍቅረ ማርያም" አለች።

ወልደሩፋኤል ከኋላዋ ቆሞ ሰማ። ሃያ ሁለት ዓመት ያሳደገውን ልጅ ስም ገና መስማቱ ነው። እንዳይረሳው በሹክሹክታ ደጋገመው፤ ፍቅረ ማርያም፣ ፍቅረ ማርያም። ከዚያ ሻንጣውን አስቀምጦ አጥሩ ሥር ቁጭ አለና አለቀሰ። ቄሱም ሚስቱም ተዉት፤ አልቅሶ ይውጣለት ብለው።

በማግሥቱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ከሦስት ዓመት በፊት በር ላይ የተመለሱት ጎረቤቶች ነጠላቸውን እንደገና ዘቅዝቀው መጡ፤ አንዳቸውም ያለፈውን አላነሱም። ዲሪዬ ወሬውን ደወሌ ሰምቶ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ ከቢሻሮ ጋር ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ለተሥላሴ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ወደ እሱ ሄደች። ከል ለብሳለች።

"ዲሪዬ" አለችው፣ "ኤልያብ ሞተብኝ።"

ዲሪዬም ሦስት ዓመት ሙሉ ያወቀውን ነገር ያን ሰዓት ገና እንደተረዳ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ ፊቱ ላይ አድርጎ ከነሱ ጋር ማልቀስ ጀመረ።